የፖምፔይን ቤት ግድግዳ ለመመዝገብ የቱ ይሻላል፦ እጅ፣ ፎቶ ወይስ ሌዘር?

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 2010 ማለዳ ላይ፣ ጣሊያን ውስጥ ባለችው ጥንታዊ የሮማውያን ከተማ በፖምፔይ፣ የግላዲያተሮች ቤት በመባል የሚታወቀው ሕንፃ ተደረመሰ። ጎብኚዎች ገና አልገቡም ነበርና ሰው አልተጎዳም። ሕንፃው በ1943 በቦምብ ተመትቶ፣ ኋላም በከባድ ኮንክሪት ጣሪያ ታድሶ የቆመ ነበር። ዝናቡ ከጀርባው ያለውን አፈር አረሰረሰው። ግድግዳው አልቻለም።

ቬሱቪየስ የተባለው እሳተ ገሞራ ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ79 ሲቀብራት፣ አመዱ ከ1,600 ዓመት በላይ ጠብቋታል። ቁፋሮው በ1748 ከተጀመረ ወዲህ ግን ፀሐዩ፣ ዝናቡ፣ የዛፍ ሥሩ፣ ቦምቡና ጥገናው ተፈራርቀውባታል። ዛሬ የምታዩት ድንጋይ ነገ እዚያው ላይኖር ይችላል። ቢወድቅ እንኳ እንዴት እንደተሠራ የሚናገር መዝገብ መቅረት አለበት።

እዚህ አራት መንገዶችን አወዳድራለሁ፦ በእጅ መሳል፣ የተስተካከለ ፎቶ፣ ፎቶግራሜትሪ (ከብዙ ፎቶዎች ሦስት አውታር ሞዴል ማውጣት) እና ሌዘር ስካነር። አርኪዮሎጂ ወይም አርክቴክቸር ለምትማሩ፣ ቅርስ ላይ ለምትሠሩ፣ ሰርቬየር ሆናችሁ እንዲህ ያለ ሥራ ለመጣላችሁ ነው። አቋሜን ከአሁኑ ልናገር። ለአንድ ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ የምመርጠው ፎቶግራሜትሪን ከእጅ ሥራ ጋር አጣምሮ መጠቀምን ነው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ግን ከመሣሪያው በፊት ግንቡን ማወቅ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ግንቡን እንወቀው

የሐኪሙን ቤት እንውሰድ። ስሙ የወጣለት ውስጡ የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች ስለተገኙበት ነው። አድራሻው ቀጠና 6፣ ብሎክ 1፣ በር 10 ነው። ይህን አድራሻ አሰጣጥ ያመጣው ጁሴፔ ፊዮሬሊ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋን በዘጠኝ ቀጠና ከፍሎ፣ ለየብሎኩና ለየበሩ ቁጥር ሰጠ። እስከ ዛሬ ሁሉም የሚጠቀመው በዚሁ ነው። እናንተም መዝገባችሁ ላይ ከሁሉ በፊት የምትጽፉት እሱን ነው።

የቤቱ ፊት በትልልቅ የሳርኖ ጥርብ ድንጋይ የተገነባ ነው። ሳርኖ በአካባቢው የሚገኝ ቢጫማ የኖራ ድንጋይ ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ ሌላ አሠራር ይታያል። ትልልቅ ድንጋዮች አንዱ ቆሞ አንዱ ተጋድሞ፣ እየተፈራረቁ እንደ ምሰሶ ይደረደራሉ። በምሰሶዎቹ መሃል ያለው ቦታ በትናንሽ ድንጋይ ይሞላል። ይህን ኦፑስ አፍሪካኑም ይሉታል፤ በሰሜን አፍሪካ በብዛት ስለሚታይ ነው ስሙ የመጣው።

ሌሎችም አሉ። ኦፑስ ኢንሰርቱም ቅርጽ የሌለው ድንጋይ በኖራ ሞርታር ተያይዞ የሚሠራ ነው። ኦፑስ ሬቲኩላቱም ደግሞ ፊታቸው አራት ማዕዘን የሆኑ ትናንሽ ድንጋዮች አጋድለው ሲደረደሩ የዓሣ መረብ የሚመስለው ነው። ቪትሩቪየስ የተባለው ሮማዊ መሐንዲስ እነዚህን ሁለቱን አወዳድሮ ነበር። መረቡ ያምራል ግን ይሰነጠቃል፣ ኢንሰርቱም አያምርም ግን ይጠነክራል አለ። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊትም የግንብ ንጽጽር ይጻፍ ነበር ማለት ነው። ይሄ ነገር ሁሌ ደስ ይለኛል።

ድንጋዩም ብዙ ዓይነት ነው። ከሳርኖ ሌላ ግራጫው የኖቼራ ቱፍ አለ፤ ቱፍ ማለት ተጠቅጥቆ የጠነከረ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ጥቁር ላቫ አለ። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ቀላል፣ እኛ አገር ቀይ አሽ የምንለውን የሚመስል ድንጋይም አለ። የአዲስ አበባ ግንበኛ አንዴ አይቶ ያውቀዋል። ጡብም አለ። ጡብ ብዙ ጊዜ የሚታየው በበርና በማዕዘን ላይ ነው፤ በተለይም በ62 አካባቢ ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ በተደረገ ጥገና ላይ።

እንግዲህ ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ አንድ ተራ የቤት ግድግዳ አስቡ። ከታች አሮጌ አፍሪካኑም፣ መሃሉ ላይ የተደፈነ በር፣ ከጎኑ ከመንቀጥቀጡ በኋላ የተጨመረ የጡብ ማዕዘን፣ ከላይ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተደፋ ሲሚንቶ። አራትና አምስት ዘመን በ15 ካሬ ሜትር ላይ አለ ማለት ነው።

የመዝጋቢው ዋና ሥራ እነዚህን መለየት ነው። የቱ በየት ይጀምራል? የቱ በየቱ ላይ ተደገፈ? ሁለት ግድግዳዎች ሲገናኙ ድንጋያቸው እንደ ጣት የተሰካካ ከሆነ አብረው ተገንብተዋል። መገጣጠሚያው ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ መስመር ከሆነ ግን አንዱ ኋላ መጥቶ የተጠጋ ነው። የተደፈነ በር ከሆነ መድፈኛው ከበሩ ጠርዝ በኋላ መጣ። ልስን ያረፈበት ግንብ ከልስኑ ይቀድማል። ልስኑ በድንጋይ አምሳያ የተሠራው፣ የመጀመሪያው ስታይል የሚባለው ከሆነ ደግሞ፣ ግንቡ ቢዘገይ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ወይም በ1ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቆሟል ማለት ነው። ሮማውያን ግንበኞች መወጣጫ ለመትከል የተዉአቸው ቀዳዳዎችም አሉ። በአንድ መስመር የተደረደሩ ከሆነ የአንድ ዙር ሥራ የት እንዳለቀ ይነግሯችኋል።

ይህን ሁሉ በአእምሯችሁ ይዛችሁ ነው መሣሪያ የምትመርጡት።

በእጅ መሳል

መሣሪያው ለግንበኛ አዲስ አይደለም። ቱንቢ፣ ውሃ ልክ፣ ሲባጎ፣ ሜትር፣ እርሳስና የሚሊሜትር ወረቀት። ግድግዳው ላይ አግድም የሆነ ሲባጎ ይወጠራል። ከእሱ ወደ ላይና ወደ ታች ይለካል። ጎንና ጎኑ 1 ሜትር የሆነ፣ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ክር የተወጠረበት የእንጨት ፍሬም ካላችሁ ደግሞ ሥራው በጣም ይቀላል። ፍሬሙን እያስጠጋችሁ በየካሬው ውስጥ የምታዩትን ድንጋይ ትስላላችሁ።

የተለመደው ስኬል 1፡20 ነው። የእኛ 5 በ3 ሜትር ግድግዳ ወረቀት ላይ 25 በ15 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሩብ ሚሊ ሜትር የእርሳስ መስመር ግድግዳው ላይ 5 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ የተሻለ ትክክለኛነት በእጅ አትጠብቁ፤ ለአብዛኛው ጥያቄ ደግሞ ይበቃል።

የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም ዓይንን ማስገደዱ ነው። እያንዳንዱን ድንጋይ ለመሳል እያንዳንዱን ድንጋይ ማየት ግድ ይላል። ሞርታሩ እዚህ ግራጫ፣ እዚያ ነጭ መሆኑን የምታስተውሉት ከፊቱ ተቀምጣችሁ ስትስሉ ነው። ፎቶ ያነሳ ሰው ሳያይ ሊያልፍ ይችላል። የሳለ ሰው ግን ሳያይ አያልፍም።

ጉዳቱ ጊዜ ነው። 15 ካሬ ሜትር ድንጋይ በድንጋይ ለመሳል ሁለት ሰው አንድ ቀን ሙሉ፣ ግንቡ ከተወሳሰበ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። ከ2 ሜትር በላይ ያለውን ለመድረስ መወጣጫ ያስፈልጋል። ሲደክማችሁ ደግሞ ድንጋዮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት መምሰል ይጀምራሉ። አንድ ሰው የሳለውን ሌላው መልሶ ማረጋገጥ አይችልም፤ የቀረው የሳዩ ዓይን ብቻ ነው።

ሆኖም የእጅ ሥራን ለሚንቁ አንድ ነገር ልበል። ኔፕልስ ሙዚየም ውስጥ ከ1861 እስከ 1879 ባሉት ዓመታት የተሠራ የፖምፔይ ሞዴል አለ፤ 1፡100 ነው። ሠሪዎቹ የየቤቱን ግድግዳ ከነቀለሙ በእጃቸው አስቀምጠውታል። ቦታው ላይ ዛሬ የጠፉ ሥዕሎች እዚያ ሞዴል ላይ አሉ። ሌላ መዝገብ የሌላቸውም አሉ።

የተስተካከለ ፎቶ

ይሄ ርካሹና ፈጣኑ ነው። ግድግዳው ላይ ቢያንስ አራት ነጥቦችን ትለካላችሁ። ካሜራውን ፊት ለፊት አቁማችሁ ታነሳላችሁ። ከዚያ ሶፍትዌሩ ፎቶውን በነጥቦቹ ልክ ወጥሮ ያስተካክለዋል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ስኬል ያለው ምስል ይኖራችኋል።

ግን ሒሳቡ ግድግዳው እንደ ጠረጴዛ ዝርግ እንደሆነ አድርጎ ነው የሚያስበው። የፖምፔይ ግድግዳ ዝርግ አይደለም። ያጋደለ አለ፣ የጎበጠ አለ፣ ልስኑ የረገፈበትና ያልረገፈበት ቦታ ከፍና ዝቅ ይላል። ካሜራው 3 ሜትር ርቆ ቢቆምና ከምስሉ መሃል 1.5 ሜትር ገለል ብሎ ያለ ድንጋይ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ቢወጣ፣ ፎቶው ላይ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከቦታው ተንሸራትቶ ይታያል። ለጠቅላላ ገጽታ ችግር የለውም። ድንጋይ በድንጋይ ለሚለካ ሰው ግን ብዙ ነው።

ልስኑ ሙሉ ለሆነ፣ ዝርግ ለሆነ ግድግዳ ተጠቀሙበት። ለሌላው አልመክርም።

ፎቶግራሜትሪ

አመጣጡን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በ1858 አልብሬክት ማይደንባወር የተባለ ወጣት ጀርመናዊ አርክቴክት የቬትስላርን ካቴድራል እየለካ ነበር። ከፍ ብሎ ሲለካ ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ። ሰው እየተንጠለጠለ ከሚለካ ለምን ከፎቶ ላይ አይለካም ብሎ ያሰበው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን የጀርመንን ሕንፃዎች በዚህ መንገድ በመመዝገብ አሳለፈ።

ዛሬ ሥራውን የሚሠራው ኮምፒውተር ነው። ያው አንድ ድንጋይ ከተለያየ ቦታ በተነሱ ብዙ ፎቶዎች ላይ ይታያል። ሶፍትዌሩ ከዚህ ተነስቶ ካሜራው የት የት እንደቆመ፣ ድንጋዩም የት እንዳለ ያሰላል። የሚወጣው ከነቀለሙ የግድግዳው ሦስት አውታር ሞዴል ነው። ከሞዴሉ ላይ ኦርቶፎቶ ይወጣል። ይህ የግድግዳው ጉብታና ስርጉድ ታስቦበት የተስተካከለ ምስል ስለሆነ፣ ከላይ ያነሳሁት የ2.5 ሳንቲ ሜትር መንሸራተት አይኖርም።

አነሳሱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። አግድም 6,000 ፒክስል ያለው ካሜራ 3 ሜትር ስፋት በአንድ ፎቶ ቢይዝ፣ አንዱ ፒክስል ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። የመዶሻና የመሮ ምት ሳይቀር ይታያል። እያንዳንዱ ፎቶ ከጎረቤቱ ጋር ቢያንስ 60፣ ቢቻል 80 በመቶ መደራረብ አለበት። ለ80 በመቶ በየ60 ሳንቲ ሜትሩ እየተራመዳችሁ አንሱ ማለት ነው። በሦስት ከፍታ ተመላለሱ። ትንሽ አዘንብላችሁም ጨምሩ። በበሩ ጠርዝና በቀዳዳዎቹ አካባቢ ከግራና ከቀኝ ድገሙ። የእኛ ግድግዳ ከ40 እስከ 60 ፎቶ ይፈልጋል፤ ከሰዓት በታች ያልቃል።

ዙም ሌንስ ካለባችሁ አንዴ ካስተካከላችሁ በኋላ አትንኩት። ፀሐይ ቀጥታ ሲመታው አታንሱ፤ ግማሹ ጥላ ግማሹ ብርሃን ከሆነ የሞርታሩ ቀለም ይዋሻል። ደመናማ ቀን ተመራጭ ነው። የቀለም ካርድ አንድ ፎቶ ውስጥ አስገቡ። ኦሪጅናሉን ሮው ፋይል፣ ማለትም ካሜራው ሳያቀናብር ያስቀመጠውን፣ አትሰርዙ።

ልኩ ከየት ይመጣል? ሶፍትዌሩ ብቻውን ግድግዳው 5 ሜትር ይሁን 50 ሳንቲ ሜትር አያውቅም። በቶታል ስቴሽን (ርቀትና ማዕዘን በሚለካው የሰርቬየር መሣሪያ) የተለኩ ነጥቦች መስጠት አለባችሁ። ለማስተካከያ ቢያንስ አራት፣ ስህተቱን ለመፈተሽ ደግሞ ሁለት ሦስት ተጨማሪ። ፈተሻውን የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ እባካችሁ አትዝለሉት። ቶታል ስቴሽን ከሌለ ርዝመቱ በትክክል የታወቀ ዘንግ ከግድግዳው አጠገብ አቁሙ። የነጥብ ምልክት ጥንታዊ ልስን ላይ መለጠፍ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ሲነሳ ቀለሙን ይዞ ይነሳል።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ ሜታሼፕ በዘርፉ በሰፊው ይሠራበታል፤ ይከፈልበታል። ሜሽሩም በነፃ ይገኛል። በኦርቶፎቶው ላይ መስመር ለማውጣት ኪውጂአይኤስ የተባለው የካርታ ሶፍትዌር ነፃም ብቁም ነው። ዋናው ወጪያችሁ ካሜራና ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ይሆናል።

ድክመቱስ? ባዶ ነጭ ልስን ላይ ሶፍትዌሩ የሚይዘው ነጥብ ያጣል። ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ወደ ኋላ ለመራቅ ቦታ ስለሌለ የፎቶው ቁጥር ይበዛል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሞዴሉ ማማሩ ነው። አምሮ ሲወጣ ሥራው ያለቀ ይመስላል። የጡቡ ጥገና የት እንደሚጀምር ግን ማንም ገና አልወሰነም።

ሌዘር ስካነር

መሣሪያው በትራይፖድ ላይ ይቆማል። እየዞረ ሌዘር ይለቃል፣ በሴኮንድ እጅግ ብዙ ነጥብ ይለካል። ትክክለኛነቱ በሚሊ ሜትር ነው። ብርሃን አያስፈልገውም። ነጭ ልስን አያስቸግረውም። የክፍሉን አራት ግድግዳ፣ ወለሉንና በሮቹን በአንድ አቋቋም ይይዛል። ከክፍል ክፍል እየተሻገሩ ደግሞ ሙሉ ቤቱን ማያያዝ ይቻላል።

የስዊድን አርኪዮሎጂስቶች ከ2000 ጀምሮ ፖምፔይ ውስጥ የካይኪሊየስ ዩኩንዱስ ቤት ያለበትን ብሎክ ሲያጠኑ ቆይተው፣ በኋላ ብሎኩን በስካነር መዝግበዋል። ልብ በሉ፤ ስካነሩ የመጣው ከዓመታት የግድግዳ ንባብ በኋላ ነው። ወደ አገራችን ስንመጣ የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው ዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በዚሁ መንገድ መዝግቧል። ከአንድ አለት ለተፈለፈለ፣ ውስጡ ጨለማ፣ ቅርጹ ጠማማ ለሆነ ሕንፃ ሌዘር ትክክለኛ ምርጫ ነው። ላሊበላ ላይ ድንጋይ በድንጋይ የሚለይ መገጣጠሚያ የለም፤ ዋናው ነገር ቅርጹ ነው። የፖምፔይ ግድግዳ ግን ዋናው ነገሩ መገጣጠሚያው ነው።

እዚህ ላይ ነው ልዩነቱ። የስካነር ነጥብ ቅርጽ ላይ ጎበዝ ነው፣ ቀለምና ሸካራነት ላይ ግን ከጥሩ ካሜራ ያንሳል። ሁለት ዓይነት ሞርታር አንድ ደረጃ ላይ ከሆኑ ለሌዘሩ አንድ ናቸው። ዋጋውም በአስር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነው፤ ኪራይም ቀላል አይደለም። ፋይሉ ግዙፍ ነው፤ ከመጀመራችሁ በፊት ማስቀመጫና የሚከፍተው ኮምፒውተር እንዳላችሁ አረጋግጡ።

ከ2020 ጀምሮ አይፎን ፕሮ ላይ የመጣው ሌዘርስ? ለክፍሉ ንድፍና ለማስታወሻ ይጠቅማል። ስህተቱ በሳንቲ ሜትር ስለሆነ ድንጋይ ለመሳል አይሆንም።

እንግዲህ የቱን?

አንድ ግድግዳ ካላችሁ፣ ጥያቄያችሁም ግንባታው በስንት ዙር ተሠራ የሚል ከሆነ፦ ፎቶግራሜትሪ፣ ከዚያ እጅ። ኦርቶፎቶውን በ1፡20 አትሙ። ወደ ግድግዳው መልሳችሁ ውሰዱት። በላዩ ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ ላስቲክ ወረቀት አድርጋችሁ እዚያው ቆማችሁ መስመሩን አውጡ። ሁለት ቀን ይፈጅ የነበረው ሥራ ወደ ግማሽ ቀን ይወርዳል፤ ዓይናችሁ ግን ከድንጋዩ አልተለየም። ቢሮ ተቀምጦ ከስክሪን ላይ መሳል ይቻላል፣ ብዙዎችም ያደርጉታል። እኔ አልስማማበትም። ጥላ የትኛው፣ ስንጥቅ የትኛው እንደሆነ ስክሪን አይነግራችሁም።

ሙሉ ቤት ከሆነና ግድግዳው እያጋደለ ስለሆነ የሚያሰጋ ከሆነ፦ ሌዘር። በዓመቱ ደግማችሁ ስታነሱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደተንቀሳቀሰ ታያላችሁ። መረጃው ለመሐንዲስ ነው የሚሄደው፤ መሐንዲስ ደግሞ የሚፈልገው ቅርጽ ነው።

ተማሪ ከሆናችሁ፣ ገንዘብም መሣሪያም ከሌለ፦ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ቦታ መርጣችሁ በእጅ ሳሉ። ሁለት ግንብ የሚገናኙበት ቦታ ይሁን። የቀረውን በፎቶ ያዙ። የመጀመሪያውን ግድግዳ በእጅ ያልሳለ ሰው ኦርቶፎቶ ማንበብ ይከብደዋል የሚል እምነት አለኝ።

ግድግዳው ሊፈርስ ነው፣ ነገ ጥገና ይጀመራል ከተባለ፦ ምንም ሳትጠይቁ ፎቶዎቹን አንሱ። ስኬል አስገቡ፣ ሁለት ሦስት ርቀት በሜትር ለኩ። ሞዴሉን ከዓመት በኋላም መሥራት ይቻላል።

ፈቃድን አትርሱ። ፖምፔይ በጣሊያን መንግሥት ሥር ያለ፣ ከ1997 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነው። ትራይፖድ ተክሎ መለካትም ሆነ ድሮን ማብረር ያለፈቃድ አይቻልም።

የትኛውንም ብትመርጡ ከምስሉ ጋር የሚሄድ ቅጽ ያስፈልጋል። ጣሊያኖቹ ለእያንዳንዱ የግንብ ክፍል ቁጥር ሰጥተው ለየብቻው ቅጽ ይሞላሉ። ድንጋዩ ምን እንደሆነ፣ የትልቁና የትንሹ መጠን፣ የሞርታሩ ቀለምና ጥንካሬ፣ ውስጡ ያለው ጠጠር፣ የመገጣጠሚያው ውፍረት፣ ከላዩ ምን እንዳረፈ፣ ከሥሩ ምን እንዳለ። የሮማውያን ጫማ 29.6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ የበሩን ስፋት በሱም አካፍሉት፤ ሙሉ ቁጥር ከመጣ የመጀመሪያው ግንበኛ ልክ ሊሆን ይችላል። ቅደም ተከተሉን ደግሞ አርኪዮሎጂስቱ ኤድዋርድ ሃሪስ በ1973 ባወጣው ማትሪክስ፣ ማለትም የቱ ከየቱ እንደሚቀድም በሚያሳየው ንድፍ፣ አስቀምጡት። እሱ ለአፈር ንብርብር ያሰበው ቢሆንም ለግድግዳም ይሠራል።

በመጨረሻም ግድግዳውን ወደ ማታ፣ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል አንዴ ተመልሳችሁ እዩት። ለፎቶግራሜትሪ የማይሆነው የጎን ብርሃን ለዓይን በጣም ጥሩ ነው። ቀን ያላያችሁት አግድም መስመር፣ ግንበኛው የቀኑን ሥራ ያቆመበት፣ ያኔ ብቅ ይላል። ስዕሉ ላይ አስገቡት። እርግጠኛ ካልሆናችሁ በነጠብጣብ መስመር ይሁን፣ አጠገቡም ያያችሁበትን ሰዓት ጻፉ።